የቤት መከላከያ ጠመንጃ አመራረጥና አያያዝ፤ በዓለም ገና የአንድ ግቢ ምሳሌ




ቤት በመጀመሪያ የሚሠራው ነዋሪውን ከፀሐይ፣ ከዝናብና ከብርድ ለመጠበቅ ነው። ነገር ግን አራተኛ ግዴታ አለበት፤ ይኸውም ነዋሪውን ከክፉ ሰው መጠበቅ ነው። ስለ ሦስቱ በየዩኒቨርሲቲው ብዙ ይነገራል፤ ጣሪያው እንዳያፈስ፣ መሠረቱ እንዳይሰምጥ፣ ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ ስሌቱ የታወቀ ነው። አራተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከንድፍ ወረቀቱ ውጭ ይቀርና ለዘበኛ፣ ለውሻና አልጋ ሥር ለተደበቀ አንድ ጠመንጃ ይተዋል። የዛሬው ንግግር ይህንን የተተወ ጉዳይ ወደ መሐንዲሱ ጠረጴዛ ለመመለስ የቀረበ ነው።

ርእሱ ለአንዳንድ አድማጭ እንግዳ ሳይመስል አይቀርም። ጠመንጃ የወታደር፣ የፖሊስ ወይም የአዳኝ ጉዳይ ነው እንጂ የመሐንዲስ ምን ጉዳይ ነው ይባል ይሆናል። ሆኖም ጠመንጃ ከሁሉ አስቀድሞ ማሽን ነው፤ ክብደት፣ ፍጥነት፣ ግፊትና ጉልበት አለው። የሚተኮስበት ቤትም ከጭቃ፣ ከብሎኬትና ከቆርቆሮ የተሠራ ነው። ማሽኑና ግድግዳው ሲገናኙ የሚሆነውን ነገር አስቀድሞ ማወቅ የሚችል ሰው ቢኖር መሐንዲሱ ነው። ባለማወቅ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ እንደ ተሰነጠቀ ግድግዳ በሲሚንቶ የሚጠገን አይደለም።

ሀ. ቦታውና ችግሩ

ዓለም ገና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በጅማ መንገድ ከወለቴ አልፎ ከሰበታ በፊት የምትገኝ ከተማ ናት። ወደ ቡታጅራና ወደ ሶዶ የሚወስደው መንገድ ከጅማው መንገድ የሚለየው እዚሁ ስለሆነ የመንገድ ሥራ ባለሙያዎች ከጥንት ጀምሮ ያውቋታል፤ የመንገዶች ባለሥልጣን የሥልጠናና የምርመራ ማዕከልም ስሟን ይዞ ቆይቷል። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲቋቋም ሰበታና አካባቢዋ፣ እንደ ቡራዩና እንደ ሱሉልታ ሁሉ፣ በዚያ አስተዳደር ሥር ገብተዋል።

በእነዚህ አዲስ አበባን እንደ ቀለበት በከበቡ ከተሞች ቤት ከመንገድ፣ ከመብራትና ከፖሊስ ጣቢያ ቀድሞ ይሠራል። ትናንት የጤፍና የስንዴ ማሳ በነበረው መሬት ላይ ዛሬ ግቢ ይታጠራል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ግቢ ይጠጋዋል። ጎረቤት ከጎረቤት ገና አልተዋወቀም። በክረምት መንገዱ ጭቃ ሲሆን መኪና አይገባም፤ መብራት የጠፋ ሌሊት ደግሞ መንደሩ በሙሉ በጨለማ ይዋጣል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖር አባወራ ስለ ቤቱ ጥበቃ ቢጨነቅ የሚፈረድበት አይደለም።

ለመነጋገሪያ እንዲረዳ አንድ ግቢ በዓይነ ኅሊና ይሳል። ስፋቱ 10 ሜትር በ25 ሜትር ነው። ከፊት በቆርቆሮ የተለበጠ የብረት በር አለ፤ መሐል ላይ ባለ ሦስት ክፍል የብሎኬት ቤት፣ ከኋላ ደግሞ ግድግዳቸው ጭቃ፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ የሆነ ሁለት ሰርቪስ ቤቶች አሉ። በትልቁ ቤት አባወራው፣ ባለቤቱ፣ እናቱና ሦስት ልጆቹ ይኖራሉ፤ በሰርቪሶቹ አንድ ተከራይ ቤተሰብና አንድ የሌሊት ዘበኛ አሉ። የጎረቤት መኝታ ቤት ከጋራው አጥር ሁለት ሜትር እንኳ አይርቅም። አባወራው ከአባቱ የወረሰው፣ ፈቃድ ያለው አንድ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ አለው። በሠፈሩ ሌብነት መብዛቱን ሲሰማ ይህንን አሮጌ መሣሪያ ትቶ ክላሽንኮቭ ስለ መያዝ ማሰብ ጀምሯል። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፤ ለዚህ ግቢ የሚስማማው የትኛው ነው? ለመሆኑስ መሣሪያ ያስፈልገዋል?

ለ. ከጠመንጃው በፊት ያለው ስሌት

የጥበቃ ስሌት ሦስት ክፍል አለው፤ ማወቅ፣ ማዘግየትና መድረስ። ሌባው መምጣቱ መታወቅ አለበት፤ ከታወቀ በኋላ አንድ ነገር ሊያዘገየው ይገባል፤ በዘገየበት ጊዜ ውስጥ ደግሞ ረዳት መድረስ አለበት። ከታወቀበት ቅጽበት ጀምሮ ያለው የመዘግየት ጊዜ ረዳት ለመድረስ ከሚፈጅበት ጊዜ ከበለጠ ቤቱ ተጠብቋል፤ ካነሰ አልተጠበቀም። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው።

ለስሌት ያህል የግቢውን በር ለመዝለል 10 ሴኮንድ፣ ግቢውን ለማቋረጥ 5 ሴኮንድ፣ በአንድ ቁልፍ ብቻ የተዘጋውን የእንጨት በር ለመስበር 20 ሴኮንድ ይፈጃል እንበል። ድምሩ 35 ሴኮንድ ነው። ጎረቤት ነቅቶ፣ ለብሶ፣ ባትሪውን ይዞ ለመድረስ 4 ደቂቃ፣ ማለትም 240 ሴኮንድ ቢያስፈልገው ቤቱ በ205 ሴኮንድ ተሸንፏል። ይባስ ብሎ ዘበኛው ተኝቶ ሌባው የታወቀው በሩ ሲሰበር ከሆነ ቀሪው ጊዜ ባዶ ነው። አባወራው ጠመንጃ የሚያስመኘው ይህ ባዶ ጊዜ ነው።

ነገር ግን ያው 205 ሴኮንድ በሌላ መንገድም ይገዛል። በሩ የብረት ቢሆንና ከላይና ከታች በሁለት መወርወሪያ ቢዘጋ፤ የመስኮቱ ፍርግርግ በምስማር ሳይሆን ከግድግዳው ብረት ጋር ቢበየድ፤ የበሩ ማቀፊያ በብሎኬቱ ባዶ ሆድ ላይ ሳይሆን በኮንክሪት በተሞላ ዓምድ ላይ ቢታሰር፣ ሰከንዶቹ ወደ ደቂቃዎች ይለወጣሉ። ብዙ በሮች የሚሰበሩት ቁልፋቸው ደካማ ሆኖ አይደለም፤ ማቀፊያው ከብሎኬቱ እየተነቀለ ነው። ይህ የግንበኛው ስሕተት ነው፤ ሊታረም የሚችለውም በግንባታው ጊዜ በጥቂት ብርና በጥቂት ሲሚንቶ ነው።

ማወቂያውም እንዲሁ ውድ አይደለም። ከቤቱ ወደ ውጭ የሚያበራ፣ መብራት ሲጠፋ በፀሐይ ኃይል ወይም በባትሪ የሚሠራ አንድ አምፖል ሌባውን በብርሃን፣ ነዋሪውን በጨለማ ያስቀምጣል። የውሻ ጩኸት፣ ከግቢ በር ጋር የታሰረ ደወል፣ የጎረቤቶች የስልክ ስምምነት ሁሉ ጊዜን ይገዛሉ። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም። ጠመንጃ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ ይህ ሁሉ ሳይኖር የሚያዝ ጠመንጃ የደካማ በር ምትክ ሊሆን አይችልም።

ሐ. ሕጉ

ሕጉ ሳይታወቅ ወደ መሣሪያው መሄድ ፈቃድ ሳያወጡ መሠረት እንደ መቆፈር ነው። በአገራችን የጦር መሣሪያ ይዞታ የሚገዛው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ያለ ፈቃድ መያዝ፣ መሸጥ፣ መግዛትና ማዘዋወር የተከለከለ ነው። ስለሆነም በአባወራው ፊት ያለው የመጀመሪያ ጥያቄ «የትኛው ይሻላል» ሳይሆን «በሕግ የተፈቀደልኝ የትኛው ነው» የሚል ነው። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ከተበተነው ሠራዊት እጅ የወጣ ብዙ መሣሪያ በሕዝቡ ውስጥ መሰራጨቱ የታወቀ ነው፤ ይህ ግን መሣሪያውን ሕጋዊ አያደርገውም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ነዋሪዎች መሣሪያቸውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡ ጥሪ በተደረገ ጊዜ፣ ወረቀቱን በሥርዓት ይዞ የቆየ ሰውና ያልያዘ ሰው ልዩነታቸው ምን ያህል እንደሆነ ታይቷል።

ሁለተኛው ሕግ የወንጀል ሕጉ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ይደነግጋል። ፍሬ ነገሩ ሲጠቃለል፣ ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆን አለበት፤ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከያውም ከአደጋው ክብደትና ሊጠበቅ ከተፈለገው ነገር ዋጋ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ከመጠን ያለፈ እንደሆነ ጉዳዩ ወደ አንቀጽ 79 ይሄዳል፤ ፍርድ ቤቱም ሁኔታውንና በተከላካዩ ላይ የደረሰውን ድንጋጤ ይመረምራል።

ይህ በተራ ቋንቋ ሲገለጥ፣ ቴሌቪዥን ተሸክሞ በአጥር በሚዘልል ሌባ ጀርባ ላይ መተኮስ መከላከል አይባልም። ሌባው ከሸሸ ጥቃቱ አብቅቷል፤ ቴሌቪዥንም ከነፍስ ጋር አይመዛዘንም። መሣሪያው ሊታሰብ የሚችለው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ይኸውም አጥቂው የቤተሰቡን ሕይወት ለማጥፋት ወደ መኝታ ክፍሉ ሲገባና መሸሻ በሌለበት ጊዜ ነው። የመሣሪያው ምርጫም መደረግ ያለበት ለዚህ ለአንዱ ሁኔታ፣ ለጥቂት ሜትር ርቀትና በቤተሰብ ለተሞላ ቤት ነው።

መ. የመሣሪያው ምርጫ

በአገራችን ጠመንጃ ከቤት ዕቃ በላይ የክብር ምልክት ሆኖ ኖሯል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት ከያዛቸው አንዱ ወጅግራ የተባለው የፈረንሳዩ የ1874 ሞዴል ግራ ጠመንጃ ነበር (ዓመቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር፣ የእርሳሱ ክብደት 25 ግራም፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምንሽሩም፣ ዲሞትፎሩም፣ ክላሹም በየዘመናቸው የክብሩን ቦታ ወርሰዋል። ሆኖም ክብርና ተስማሚነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለጦር ሜዳ የተሠራ ማሽን ለመኝታ ቤት አልተሠራም።

የአደን ጠመንጃ ከጦር ጠመንጃ የሚለየው በአፈሙዙ ውስጥ ጥምዝ መስመር ስለሌለውና በአንድ ጊዜ ብዙ የእርሳስ ጠጠሮችን ስለሚተፋ ነው። መለኪያው እንደ ሌሎቹ በሚሊ ሜትር ብቻ አይነገርም። «12 ቁጥር» ሲባል አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 453.6 ግራም እርሳስ ለ12 እኩል ድብልብል ኳሶች ቢከፈል አንዷ ኳስ በአፈሙዙ ልክ ትሆናለች ማለት ነው፤ ይህም 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። «20 ቁጥር» በዚሁ ስሌት 15.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲበዛ አፈሙዙ ይጠባል።

አሁን ሁለቱ መሣሪያዎች በቁጥር ይነጻጸሩ። በ12 ቁጥር የተለመደው ትልቅ ጠጠር ያለው ጥይት 9 ጠጠሮች ይይዛል። የአንዱ ስፋት 8.4 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 3.5 ግራም፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 400 ሜትር ገደማ ነው። የአንዱ ጠጠር ጉልበት 280 ጁል፣ የዘጠኙ ድምር 2,520 ጁል ይሆናል። የወጅግራው እርሳስም ሲሰላ ከዚሁ ጋር የተቀራረበ ውጤት ይሰጣል። የክላሽንኮቩ ጥይት 7.9 ግራም ሆኖ በሴኮንድ 715 ሜትር ስለሚወጣ ጉልበቱ 2,020 ጁል ገደማ ነው። በድምር ጉልበት ሁለቱ ብዙም አይራራቁም፤ ልዩነቱ ጉልበቱ የሚሄድበት ርቀት ላይ ነው። የክላሽንኮቩ ጥይት ጉልበቱን በአንድ ሹል ነጥብ ይዞ ስለሚጓዝ ዒላማውን የሳተ እንደሆነ እስከ 1,500 ሜትር ሊገድል ይችላል። ድብልብሎቹ ጠጠሮች ግን አየሩ ቶሎ ስለሚያዘገያቸው ጉልበታቸው በአጭር ርቀት ይዳከማል። ይህ ማለት ግን ጠጠሮቹ በቅርብ ላለ ጎረቤት አደጋ የላቸውም ማለት አይደለም።

ባለ ሁለት አፈሙዙ መሣሪያ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም በትከሻ ላይ ይከፈላል። በሞመንተም መጠበቅ ሕግ መሠረት 31.5 ግራም እርሳስ በሴኮንድ 400 ሜትር ሲወጣ 3.2 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ጠመንጃ በሴኮንድ 3.9 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የምቱ ጉልበት ወደ 25 ጁል ይጠጋል። 4 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ክላሽንኮቭ በዚሁ ስሌት የሚመልሰው 4 ጁል ብቻ ነው። የባሩዱ ጋዝ ሲታከልበት ሁለቱም ቁጥሮች ከፍ ይላሉ፤ ንጽጽሩ ግን ብዙ አይለወጥም። ስለዚህ በአጥንታቸው ቀጭን የሆኑ ወይም ያልሠለጠኑ ሰዎች 12 ቁጥርን ሊፈሩት ይችላሉ። ለእነርሱ 20 ቁጥር ወይም ቀለል ያለ ጥይት ይሻላል። ሰው የሚፈራውን መሣሪያ አይለማመድበትም፤ ያልተለማመደበትን ደግሞ በጨለማ ሊያዝዘው አይችልም።

አንድ የተሳሳተ እምነትም መታረም አለበት። የአደን ጠመንጃ ማነጣጠር አያስፈልገውም፣ ጠጠሩ ራሱ ተበትኖ ያገኛል ይባላል። በተግባር ጠጠሮቹ የሚበተኑት በየሜትሩ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ5 ሜትር ክፍል ውስጥ መበታተኑ ከአንድ የሻይ ሰሐን ስፋት አይበልጥም። ያላነጣጠረ ሰው ዘጠኙንም ጠጠር በአንድነት ይስታል፤ የሳታቸው ዘጠኝ ጠጠሮችም የሆነ ቦታ ማረፋቸው አይቀርም።

ሠ. ግድግዳው ምን ያቆማል?

ለመሐንዲሱ ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ጥይቱ የት ያርፋል? በፊልም ላይ ጥይት በሰው ላይ ያበቃል፤ በዓለም ገና ግቢ ውስጥ ግን የሚያበቃው በግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ካቆመው።

የቆርቆሮ አጥር ከግማሽ ሚሊ ሜትር የቀጠነ ነው፤ ለየትኛውም ጥይት ከወረቀት አይለይም። በችፑድ የተከፈለ የውስጥ ግድግዳም እንዲሁ ነው። የጭቃ ግድግዳ ደረቅና ወፍራም ከሆነ ጠጠርን በብዙ ያዳክማል፤ ነገር ግን ጭቃው በተላቀቀበትና በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል ቀጭን በሆነበት ቦታ ሊታመን አይችልም። የብሎኬት ግድግዳ ከውጭ ሲታይ ድንጋይ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ጥይቱን የሚገጥሙት በሁለት ወገን ያሉት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው የኮንክሪት ገጾች ናቸው። የክላሽንኮቭ ጥይት እነዚህን ሰብሮ ሊያልፍ ይችላል፤ ባሻገር ያለው የልጆች መኝታ ቢሆንም አይመርጥም። ጠጠሮቹ በተለሰነ ብሎኬት ላይ ቶሎ ይደክማሉ፤ በበር፣ በመስኮትና በቆርቆሮ ግን ያልፋሉ።

ከዚህ የሚገኘው ድምዳሜ ግልጽ ነው። በተጠጋጉ ቤቶች መንደር ውስጥ ክላሽንኮቭ የአንዱን ቤት ጠብ የሦስት ቤት ሐዘን ሊያደርገው ይችላል። ፈቃድ ያለው የአደን ጠመንጃ ከሁለቱ ያነሰ ክፋት አለው። እርሱም ቢሆን በየት አቅጣጫ ሊተኮስ እንደማይገባ አስቀድሞ መወሰን አለበት። አባወራው በቀን ብርሃን፣ የቤቱን ንድፍ በወረቀት አስፍሮ፣ ልጆቹ፣ እናቱ፣ ተከራዩ፣ ዘበኛውና ጎረቤቱ የሚተኙበትን ቦታ ምልክት ያድርግ። ከመኝታ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ወደ እነዚህ ሁሉ የሚሄደውን መስመር ያስምር። በተሰመረው መስመር ላይ አይተኮስም። ይህንን ያደረጉ ብዙዎች የሚያገኙት አንድ ነፃ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ አንዳንዱም ምንም አያገኝም። ምንም ላላገኘ ሰው የጠመንጃው ጥያቄ በዚሁ ተዘግቷል።

ነፃ አቅጣጫ ያለው ሰው ግን ያንን ወገን ማጠናከር ይችላል። በአዲስ ግንባታ ከሆነ የአንዱ ክፍል የብሎኬት ሆድ በኮንክሪት ቢሞላና በሩ የብረት ቢሆን ያ ክፍል የቤተሰቡ መሸሸጊያ ይሆናል። የሚወጣበት ገንዘብ አዲስ መሣሪያ ከሚወጣበት የሚያንስ ሲሆን ማንንም አይገድልም።

ረ. ዝግጅትና አቀማመጥ

የተወረሰ አሮጌ መሣሪያ ከሁሉ በፊት በባለሙያ መመርመር አለበት። ምርመራውም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የጥይት ቤቱ ርዝመት ይለካ። ብዙ አሮጌ የአውሮፓ ጠመንጃዎች ለ65 ሚሊ ሜትር ጥይት የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬ የሚገኘው የተለመደ ጥይት ደግሞ 70 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ርዝመት የሚለካው ቀለሁ ከተተኮሰ በኋላ ተዘርግቶ ነው፤ ሳይተኮስ አፉ ስለታጠፈ አጭር ነው። ስለሆነም ረጅሙ ጥይት በአጭሩ ጥይት ቤት ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፤ ሲተኮስ ግን አፉ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣና ግፊቱን ከልክ በላይ ከፍ ያደርገዋል። መግባቱ መስማማቱን አያረጋግጥም።

ሁለተኛ፣ የ12 እና የ20 ቁጥር ጥይት በአንድ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይቀላቀሉ። 20 ቁጥር ጥይት በ12 ቁጥር አፈሙዝ ውስጥ ሲገባ ወደ ፊት ተንሸራትቶ ይሸጎጣል፤ ተኳሹ ባዶ መስሎት 12 ቁጥር ቢጨምርበት አፈሙዙ በእጁ ላይ ይፈነዳል። ፋብሪካዎች 20 ቁጥርን ቢጫ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ የአፈሙዞቹ ጤንነት ይታይ። ውስጡ ዝገት እንዳልበላው፣ ውጭው እንዳልጎበጠና እንዳላበጠ ይመርመር። ጥንድ አፈሙዞቹ ከሰደፉ ተለይተው በጣት ተንጠልጥለው በትንሽ እንጨት ቀስ ተብለው ሲነኩ እንደ ደወል ከጮኹ ብየዳቸው ደኅና ነው፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ብየዳው ለቋል። አፈሙዙ ከአካሉ ጋር በሚገጥምበት ቦታ የሚወዛወዝ ከሆነም አይተኮስበትም። አፈሙዝን በመጋዝ ማሳጠር ደግሞ ከማንኛውም ሰው አሳብ መውጣት ያለበት ነገር ነው።

አራተኛ፣ በብዙ አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዞች ላይ ያለው መጠበቂያ ቃታውን ብቻ እንጂ መቺውን አይዝም። መሣሪያው ከወደቀ ሳይነካ ሊተኩስ ይችላል። ስለዚህ በቤት ውስጥ ጎርሶ አይቀመጥም።

አቀማመጡን በተመለከተ ቦታው አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ ወይም በር ጀርባ አይደለም። ከግድግዳ ጋር በብሎን የታሰረ፣ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ማንኛውም ብረታ ብረት ሠራተኛ ሊሠራው ይችላል። ጥይቱ በሌላ ሣጥን፣ በሌላ ቁልፍ፣ ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ። ቀለሁ የወረቀት የሆነ አሮጌ ጥይት በክረምት እርጥበት ስለሚያብጥ መወገድ አለበት። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ይሁን፤ ያ ሰው መጠጥ የቀመሰ ዕለት ግን ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ይደር። ልጆች መሣሪያው የት እንዳለ አያውቁም ብሎ ማመን ትልቅ ስሕተት ነው፤ በቤት ውስጥ ልጆች የማያውቁት ዕቃ የለም።

ከመሣሪያው የማይለይ ሌላ ዕቃ የእጅ ባትሪ ነው። ባትሪው ግን በጠመንጃው ላይ ሳይሆን በእጅ ይያዝ፤ ለማየት ብሎ አፈሙዝን ወደ ሰው ማዞር ትልቅ ጥፋት ነውና። ያልታየ ሰው ላይ አይተኮስም፤ የታየም ቢሆን በስሙ ሳይጠራ፣ «ማነህ?» ተብሎ ሳይጠየቅ አይተኮስም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የ12 ቁጥር ድምፅ ከ150 ዴሲቤል በላይ ስለሆነ ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ሰው መስማት ይሳነዋል። «አባባ፣ እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ቢመጣ አይሰማም።

ሰ. የማይታለፈው ጥያቄ

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል። በተሳለው ግቢ ውስጥ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በጨለማ ሊንቀሳቀስ የሚችለው ማን ነው? ወደ ሽንት ቤት የምትሄድ አያት አለች። ለማታ ፈረቃ ከፋብሪካ የተመለሰ ተከራይ አለ። የሚዞር ዘበኛ አለ። ቁልፉን ረስቶ፣ አባቱን ላለመቀስቀስ በአጥር የሚዘልል የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አለ። ሌባው ከእነዚህ ከአራቱ በኋላ አምስተኛ ነው። አራቱ በየሌሊቱ አሉ፤ አምስተኛው ምናልባት በዓመታት አንድ ጊዜ ይመጣ ይሆናል።

በሌላው ዓለም ይህ ጉዳይ ተጠንቷል። በ1993 በአውሮፓ አቈጣጠር በአንድ የታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የኬለርማንና የባልደረቦቹ ጥናት፣ በሦስት የአሜሪካ አውራጃዎች በቤታቸው የተገደሉ ሰዎችን ከጎረቤቶቻቸው ጋር አነጻጽሮ ነበር። ጠመንጃ ያለበት ቤት ከሌለበት ይልቅ በ2.7 እጥፍ ለግድያ የተጋለጠ ሆኖ አገኘው፤ አብዛኛዎቹ ገዳዮችም ዘመድ ወይም ሟቾቹ የሚያውቋቸው ሰዎች ነበሩ። ጥናቱ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ የአሜሪካ ኑሮም የዓለም ገና ኑሮ አይደለም። ሆኖም መሠረታዊው ነገር በየትም አገር አንድ ነው፤ ጠመንጃው በቤቱ ውስጥ ለሚያልፈው ሌሊት ሁሉ ይኖራል፤ ለቁጣው፣ ለስካሩ፣ ለሐዘኑና ለልጅ ጨዋታውም ይኖራል።

ስለዚህ አራት ሁኔታዎች ሊሟሉ ይገባል፤ ፈቃድ፣ የተቆለፈ የብረት ሣጥን፣ በንድፍ ላይ የተረጋገጠ ነፃ አቅጣጫና የሠለጠነ፣ ከመጠጥና ከቁጣ የራቀ ያዥ። ከአራቱ አንዱ የጎደለ እንደሆነ የሚሻለው መሣሪያውን በሕጉ መሠረት ለሚመለከተው አካል ማስረከብ ነው። ይህ ሽንፈት አይደለም። የማይሸከመውን ምሰሶ ከጣሪያ ሥር የሚያወጣ መሐንዲስ ቤቱን አፈረሰ አይባልም።

ማጠቃለያ

የተሳለው ግቢ አባወራ እንግዲህ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ የበሩን ማቀፊያ በኮንክሪት ያስር፤ መወርወሪያ ይጨምር፤ አምፖሉን ወደ ውጭ ያዙር። ከግራና ከቀኝ፣ ከፊትና ከኋላ ያሉትን አራት ጎረቤቶች ቡና ጠርቶ ስልክ ይለዋወጥ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። ለልጁ ሁለተኛ ቁልፍ ይስጠው። ስለ ክላሽንኮቩ ያሰበውን ይተው። የአባቱን ጠመንጃ ያስመርምር፤ አራቱን ሁኔታዎች ካሟላ ቆልፎ ያስቀምጠው፤ ካላሟላ ያስረክበው።

ከማኅበራችን የሚጠበቀውም ቀላል ነው። አባላት ለቀለበት ከተሞቹ የመኖሪያ ቤት ሲነድፉ የበር ማቀፊያውን፣ የፍርግርጉን ብየዳና አንድ የተጠናከረ ክፍል በንድፉ ላይ በዝርዝር ያስፍሩ፤ ለባለቤቱም ምክንያቱን ያስረዱት። ይህ በአንድ ገጽ ንድፍ የሚያልቅ ሥራ ነው። በሩ ሌባውን አራት ደቂቃ ካቆመው አባወራው በጨለማ ቃታ ላይ ጣቱን ሳያደርግ ሌሊቱ ሊነጋ ይችላል፤ ጠዋት ላይም ልጁ በአጥር ሳይሆን በበር ገብቶ በአልጋው ተኝቶ ይገኛል።